አጎቴ የቆጠሩት አምስተኛ ቤት

አጎቴን ዘጠኝ ጊዜ ገድያቸዋለሁ። በመጀመሪያው መጽሐፌ የሞላ ወንዝ ከነበቅሏቸው ወሰዳቸው፤ በሁለተኛው መብረቅ መታቸው፤ በአራተኛው ለሙሽሮቹ በታረደው በሬ አጥንት ታንቀው ሞቱ። ስማቸውንና መልካቸውን እየለዋወጥኩ ነው የገደልኳቸው። በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ የሚቆጥሩበትን ልማድ ብቻ ሳልነካ ተውኩት። አንድም ጊዜ ቢሆን ግን «አንተ» ብዬ አልገደልኳቸውም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድም።

አንባቢዎቼ የሚያውቁኝ በብዕር ስም በምጽፋቸው የፍቅር ልብ ወለዶች ነው። ፍቅረኞቹ ብዙ ተንገላተው በመጨረሻ ይጋባሉ፤ አንባቢም እንባውን ጠርጎ መጽሐፉን ለጎረቤት ያውሳል። በየታሪኩ መካከል የሚሞቱት ሽማግሌ ለማንም ትዝ የሚሉ አይመስለኝም ነበር። ለእኔ ግን መጽሐፉ የሚጻፈው ለእሳቸው ሞት ነው፤ ሠርጉ ምርቃት ነበር።

ከእሳቸው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሞታቸው አልነበረም። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ሰው እየሰማ፣ «ተሳስቻለሁ» እንዲሉ ነበር የምፈልገው። ይህችን አንዲት ቃል ስለነፈጉኝ በወረቀት ላይ ገደልኳቸው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከይጁቤ እስከ ዲማ ባለው አገር ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ የሚያስጠራው እሳቸውን ነበር፤ ዘር ቆጣሪ ናቸውና። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ያልሞላ ጋብቻ ነውር ነው። የሴቲቱና የወንዱ ወገን ወደ ኋላ ሲቆጠር በሰባት ትውልድ ውስጥ አንድ የጋራ ወላጅ ከተገኘ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አጎቴ ይህን ሁሉ በቃላቸው ነው የያዙት። የማን አያት ከማን እንደተወለደች፣ የትኛዋ ባሏ ሞቶባት የት እንዳገባች፣ ስንት ልጅ እንደቀበረች ሳይቀር አንድም ወረቀት ሳይዙ ይተርኩታል። ልጅ ሳለሁ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማቸው ነበር። ታሪክ መተረክን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ይህን መካድ አልችልም፤ ብችል እክደው ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ደብረ ማርቆስ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ጊዜ ሆኖኛል። ሽማግሌ የላከው ሰው የግብርና ባለሙያ ሲሆን ወገኖቹ የዲማ ሰዎች ነበሩ። ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ተከራየሁበት ቤት በር ድረስ አብረን ከመሄድ ያለፈ ነገር አልነበረንም። የምጽፍባቸውን እርሳሶች በምላጭ ቀርጾ፣ ጫፋቸው እንዳይሰበር በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። ከዘጠኙ መጽሐፎቼ በአንዱም ውስጥ ይህንን አልጻፍኩትም።

ሽማግሌዎቹ ይጁቤ፣ ወላጆቼ ቤት የመጡት እሑድ ቀን ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠናል። አጎቴ የእኛን ወገን ቆጠሩ። ከዚያ የእሱን ወገን እየጠየቁ ቆጠሩ። አራተኛውን ቤት አልፈው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ይገናኛሉ» አሉ። «አምስተኛ ቤት። ሥጋ ናቸው።»

«ጌታው፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙት» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«እኔ እኮ ነኝ የቆጠርኩት!»

ጠላው እንደተቀዳ ቀረ። ሰውየው በዓመቱ ሌላ አገባ፤ እኔ አላገባሁም። የፈለገኝ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ አጎቴ ፊት ቀርቦ መቆጠር እንዳለበት ሳስብ ግን የጠየቀኝን ገና ሳይልክ እመልሰው ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ከእህቴ ጋር ለንግሥ ዲማ ሄደን ሳለ ያሳደሩን አሮጊት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አንች ነሽ ልጃችንን እምቢ ያልሽው?»

«እምቢ አላልኩም፣ እማማ። ሥጋ ሆነን ነው። አምስተኛ ቤት ላይ ተገናኝተን።»

«የምን ሥጋ! በየት በኩል?»

የአምስተኛዋን ሴት ስም ነገርኳቸው። አሮጊቷ ሳቁ።

«ሞክሼዎች እኮ ናቸው! የእኛዋ የቄስ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተቀበረች። የእናንተዋ ዲማን በእግሯ ረግጣው አታውቅም። ይኸን ለአጎትሽ በዚያው ሳምንት ይጁቤ ገበያ አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። ‹እመረምረዋለሁ› አሉኝ። ወሬያቸው ሲጠፋ ጊዜ፣ እኛማ ልጁን ንቃችሁ ሰበብ የፈለጋችሁ መስሎን!»

እህቴ ክንዴን ይዛ ነበር። ጥፍሯ የሠራውን ምልክት ያየሁት በማግሥቱ ነው።

ስሕተቱን ይቅር ልላቸው እችል ነበር። ሁለት ሞክሼ ሴቶችን አንድ አድርጎ መቁጠር፣ አገር ሙሉ ዘር በቃሉ የያዘ ሰው ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። ሳምንት ሳይሞላ አውቀው ዝም ማለታቸው ግን ስሕተት አይደለም። ተሳስቶ የተገኘ ዘር ቆጣሪ ዳግመኛ አይጠራም፤ ከዚያ በፊት የቆጠረው ሁሉ ይጠረጠራል። አጎቴ ስማቸውንና የእኔን ኑሮ አስተያዩና ስማቸውን መረጡ።

ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ «የባልቴት ወሬ ነው» አሉ። ከፊታቸው አልሄድኩም። ኋላ ወደ ደጁ እያዩ፣ «ደግሞስ ሰውየው ልጆች ወልዷል። አሁን ቢታወቅ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን መጽሐፌን ጀመርኩ። ያ ንግግር ባይኖር ኖሮ ደራሲ አልሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ግን አላመሰግናቸውም።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ማለዳ ነው፤ ወደ ማስተማሩ እስክሄድ ድረስ፣ በእጄ፣ በባለ መስመር ወረቀት። ለእያንዳንዱ ልብ ወለድ የገጸ ባሕርያቱን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት በካርቶን ላይ እሠራለሁ። አንባቢ የማያየው፣ አሳታሚም የማይጠይቀው ሥራ ነው። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ግን ማንም ሰው በስሕተት አይቆጠርም። ከገጸ ባሕርያቱ ካርቶን በፊት የሠራሁት የራሴን ነው። የእኔን ሰባት ቤትና የሰውየውን ሰባት ቤት ከሦስት አዛውንት አጣርቼ፣ ሁለቱን ሞክሼዎች ከነአባቶቻቸው ለይቼ ጽፌ አስቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ራስ ምታቱና የመንጋጋዬ ሕመም በረታብኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጥርሴን ነክሼ እንደምጽፍ እንኳ አላውቅም ነበር። ወጣቷ ሐኪም የደም ግፊት መሆኑን ነግራኝ መለኪያውን ገዝቼ በየቀኑ እንድለካ አዘዘችኝ። እኔ ግን በየምዕራፉ ለካሁት፤ ምዕራፉን ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ። በወሩ ደብተሩን ይዤላት ስሄድ ረዘም ላለ ጊዜ አገላበጠችው።

«ሰባተኛው ላይ ምን ሆነው ነው እንዲህ የወጣው?»

«ሽማግሌው ይገባሉ።»

«አሥራ አንደኛው ላይስ?»

«ሽማግሌው ይናገራሉ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይቅርታ፣ መጽሐፎቹን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት እንዴ? እናቴ አንድም አልቀራት። ‹ይቺ ሴትዮ እኒህን ሽማግሌ በቁማቸው ታውቃቸዋለች፤ እንዲህ አድርጎ ባዳ አይገደልም› ትለኛለች።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ወይ ሰውየውን ከመጽሐፉ ያስወጧቸው፤ ወይ ይታረቋቸው» አለችኝ። «ሰውነትዎ እየከፈለ ነው።»

መድኃኒቱን ወሰድኩ፤ ጨው ቀነስኩ፤ ማታ ማታ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ምክሯን ግን ተውኩት። ሽማግሌው በሌሉባቸው ምዕራፎች እጄ እንደሚለግም ለእሷ መንገር አልፈለግሁም።

አሥረኛውን መጽሐፍ በጀመርኩበት ሰሞን እህቴ ከይጁቤ ደወለች።

«አንች፣ ልጄ ተጠየቀች።»

«እሰይ! የማን ልጅ ነው?»

«የዲማ ሰው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእሱ የወንድሙ ልጅ ነው። ተማሪ ቤት ነው የተገናኙት፣ እኔ ምን ላድርግ!»

የያዝኩትን እርሳስ አስቀመጥኩ።

«እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጋሼ ናቸው የሚቆጥሩት። ምን ሊሉ ነው? ሞክሼዎቹን አንድ ካደረጉ ስድስተኛ ቤት ላይ ይወድቅና ልጄ ቀረች። ከለዩዋቸው ደግሞ ያንችን ጊዜ…»

አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም። አጎቴ ወጥመድ ውስጥ ነበሩ። ወጥመዱን ያበጁት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ገመዱን እንኳ አላቀበልኩም።

«ቅዳሜ ነይና ለብቻቸው አናግሪያቸው» አለች እህቴ። «አመመኝ ብለው ይቅሩ፣ ሌላ ሰው ይቁጠር። አርጅተዋል እኮ።»

«አላናግራቸውም።»

«ስለ ልጄ ስትይ!»

«ልጅሽ ታገባለች። የተጻፈው ካርቶን በእጄ ነው።»

«ወይኔ! አንች ስትቆጪ ሳይሆን ስትረጋጊ ነው የምፈራሽ።»

ልክ ነበረች። የእህቴን ልጅ ቀን ለራሴ ጉዳይ እንደምጠቀምበት አውቅ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ልብሴን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ ካርቶኑን አጥፌ በቦርሳዬ ከትቼ፣ አንድም መስመር ሳልጽፍ ዋልኩ። እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ይጁቤ ገባሁ።

በዚህኛው ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ አልተቀመጥኩም። ከግድግዳው ጥግ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ወንበር ወሰድኩ፤ ዕድሜዬም መምህርነቴም ይፈቅድልኛል። ከዲማ ከመጡት መካከል አንዱ ያን ጊዜም መጥተው የነበሩ ናቸው፤ አወቁኝና ዓይናቸውን ሰበሩ። አጎቴ ሰማንያን አልፈዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

ቆጠሩ። የእኛን ወገን በአንድ ትንፋሽ ወረዱት። ወደ ልጁ ወገን ተሻገሩ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ከዚያ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ፤ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። እንዳዩኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ለትንሽ ጊዜ፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ሴቶቹን ይለዩዋቸው ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። አዎ፣ ሠጋሁ።

«ስድስተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ» አሉ። «አልሞላም።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእህቴ ልጅ ትንፋሽ ሲቆረጥ ሰማሁ። እኔ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይመለሱ።»

«ወዴት?»

«ወደ ስድስተኛዋ። የእኛዋ ሴት አባቷ ምን ነበሩ?»

«አራሽ ነበሩ። ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የእነሱዋስ አባት?»

የዲማው ሽማግሌ በዝግታ፣ «የእኛዋ እንኳ የቄስ ልጅ ናት» አሉ።

«አንዲት ሴት ሁለት አባት ይኖራታል፣ ጋሼ?»

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚያንሰው አላስቻለውም። «አንዱ ቀድሶ አንዱ አርሶ ያሳደጋት ከሆነች ታድላ!» ብሎ ሣቀ። ሌሎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ካርቶኑን አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ሊያየው የጎነበሰ ግን የለም። ሁሉም የሚያዩት አጎቴን ነበር።

«ሞክሼዎች ናቸው» አሉ አጎቴ፣ ወደ መሬት።

«አልሰማንም፣ ጌታው» አሉ ጆሯቸው የከበደ አንድ አዛውንት።

«ሞክሼዎች ናቸው! ተሳስቻለሁ።»

የፈለግኋት ቃል ይህች ነበረች። አልበቃችኝም።

«መቼ ነው የተሳሳቱት? ዛሬ ነው?»

«ተይ አንች!» አለች እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ዛሬ ነው ወይስ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት?»

«ያኔ።»

«መሳሳትዎን ያወቁትስ መቼ ነው?»

ጣታቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ።

«በሳምንቱ» አሉ።

ያን ጊዜ መጥተው የነበሩት ሽማግሌ ያነሡትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። «እግዜር ይይልዎ» አሏቸው። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ደስ አለኝ። ይህንን አሳምሬ ልጽፈው አልፈልግም። ሰላም አልነበረም፣ ዕረፍትም አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ሲበላ የሚሰማው ዓይነት ነው። ጋብቻው ጸና፣ ጠላው ተጠጣ፣ የእህቴ ልጅ እያለቀሰች ሳመችኝ። እህቴ ግን አልሳመችኝም። አጎቴ ሳይመሽ ተነሡ። እንደሳቸው ያለ ሰው ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ እስከ በሩ ይሸኛል። የዚያን ቀን የተነሣ ሰው አልነበረም። በትራቸው ደረጃውን ሲፈልግ አይቻለሁ፤ እኔም አልተነሣሁም።

ከዚያ ወዲህ የሚጠራቸው የለም። ሦስት እሑድ ሙሉ ደጃቸው ላይ ብቻቸውን እንደዋሉ እህቴ እየተቆጣች ነገረችኝ። ሁለት ቤተሰብ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው እንድቆጥርላቸው ለመኑኝ። ቆጠርኩላቸው፤ ጽፌም ሰጠኋቸው። አጎቴ ይህን እንደሚሰሙ አውቅ ነበር፤ እንዲሰሙም እፈልግ ነበር።

የነፍስ አባታችን ለእርቅ መጡ፤ አጎቴ ናቸው የላኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ፊት ተናገሩልሽ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጊዜ ነው የምፈልገው፣ አባ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እሳቸውም ጥቂት ይቆዩ።»

«ቢሞቱስ?»

«ያን ጊዜ ቀብራቸው ላይ እቆማለሁ» አልኩ። ተቀየሙኝና ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ገና «ሃሎ» ሲል ድምፁን ለየሁት። እርሳስ ይቀርጽልኝ የነበረው ሰው ነው፤ ወንድሙ ነግሮታል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ቤታችን ሁሉ ሰበብ ነው ይል ነበር። እኔም እንደናቅሽኝ ይዤ ነው የኖርኩት። አንቺ መቼ አወቅሽ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ሙያዬ ነው። አልዋሸሁም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት!»

«ትዳር ነበረህ። ልጆች ወልደሃል። ብታውቀው ምን ያደርግልህ…»

ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ተውኩት። የማን እንደሆነ አውቄው ነበር።

«ምንም አያደርግልኝም ነበር» አለ። «ግን የእኔም ነገር ነበር። ዘጠኝ መጽሐፍ ስትጽፊ አንድ ስልክ መደወል አቃተሽ?»

መጽሐፎቹን ማንበቡን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ስልክ በኋላ አጎቴን የማየው በሌላ ዓይን ነው ብል ሐሰት ይሆናል። በእሑዱ ከተናገርኩት አንድም ቃል አልመልስም። ነገር ግን እሳቸውን ለመበቀል እውነቱን ለብቻዬ ይዤው እንደኖርኩ፣ ቢካፈል እንደሚያንስብኝ ቆጥሬ እንደሰሰትኩበት አሁን ይገባኛል። አጎቴ ለስማቸው ሲሉ ዝም አሉ፤ እኔ ለቂሜ ስል። ዝም የተባለበት ሰው ግን አንድ ነው።

የነፍስ አባታችን ጾሙ ሊገባ ሲል ተመልሰው መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ያንኑ ነገር እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። «ገና ነው፣ አባ» አልኳቸው። እንደሚቀየሙ አውቃለሁ። መቋሚያቸውን አንሥተው እስከ በሩ ሄዱ።

«አባ» አልኩ። «ዲማ በኩል የሚያውቁት ሽማግሌ ይኖራል?»

«ለምንሽ ነው ልጄ?»

«ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ።»

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተመልሰው ተቀመጡ።